ሸራውን የያዘውን ገመድ አትቋጥረው

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አንባቢዎቼ። ባለፈው ጊዜ ስለ ጭነት መኪና ሸራ ስጽፍ፣ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ እንደነበርኩ በአንድ መስመር ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ጀልባና ስለ ገመድ ናቸው። እኔ ዛሬ ቃሊቲ ቁጭ ብዬ የመኪና ሸራና ድንኳን የምሰፋ ሰው ነኝ። ባሕር ካየሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ገመድ ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለገመድ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከቢሾፍቱ አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዝተናል። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። አሁን እኛ ግቢ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ከእሷ ጋር አንድ ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ፣ አንድ አጭር ቱቦ፣ ሁለት ሸራ፣ ሦስት ሽቦና አንድ ጆንያ ሙሉ የተጠላለፈ ገመድ ተቀበልን። የሸጠልን ሰው ራሱ የቱ ከየት እንደሚገባ አያውቅም። ኢንተርኔት ላይ ስናይ ደግሞ የገመዱ ስም ብቻ አደናገረን። ከየት እንጀምር? (ከገላን)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገላን ግቢ ውስጥ የሸራ ጀልባ መኖሩን ሳስበው ደስ አለኝ።

ጆንያውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ስም ማጥናቱም ይቆይ። እኔ አዲስ ሰው ሳስተምር ‹የዚህ ገመድ ስም ማን ነው?› ብዬ አልጠይቅም። ‹ይሄ ገመድ ቢጎተት ምን ይንቀሳቀሳል?› ነው የምለው። ጀልባ ላይ ሥራ የሌለው ገመድ የለም። ሥራውን ካወቃችሁ ስሙ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ከቀፎዋ፣ ማለትም ከጀልባዋ አካል ጀምሩ። ከኋላ መሪዋ አለ። መሪው ላይ የተሰካ የእጅ ዘንግ ታገኛላችሁ። ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። መኪና የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እጃችሁን አለማምዱት። ከመሀል ደግሞ ወደ ታች የምትወርድ ሳንቃ መኖር አለባት። በደብዳቤህ አልጠቀስካትም። ከሌለች ሰውየውን መልሳችሁ ጠይቁት፣ አትተዉት። ሳንቃዋ ውሃው ውስጥ እንደ ማረሻ ትገባለች። ነፋሱ ከጎን ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የምትይዛት እሷ ናት። ያለ እሷ ወደፊት መሄድ አይታሰብም።

ረጅሙ ቱቦ ምሶሶው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ደቀል የሚባለው። አጭሩ ቱቦ ቡም ይባላል። ከምሶሶው ጋር እንደ በር በማጠፊያ ይገናኛል። የዋናውን ሸራ የታች ጠርዝ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ነፋስ ሲዞር በኃይል ነው የሚያልፈው። ጭንቅላት ይሰብራል። ጀልባዋ ውስጥ ስትሆኑ ሁልጊዜ ቡሙ የት እንዳለ እወቁ።

ሦስቱ ሽቦዎች ምን ይሠራሉ? የእድር ድንኳን ስትተክል ታውቃለህ። ተራዳው በራሱ አይቆምም። በዙሪያው ገመድና ካስማ ይይዘዋል። ሽቦዎቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ከምሶሶው ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይሄዳል። ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎን ይወርዳሉ። የጎኖቹ ሽቦዎች ከምሶሶው ትንሽ ወደ ኋላ ዝቅ ብለው ስለሚታሰሩ ወደ ኋላም ይጎትታሉ። እነዚህ ቋሚዎች ናቸው። አንዴ ከተወጠሩ በጉዞ ላይ ማንም አይነካቸውም። ከማሰራችሁ በፊት ግን ብጣሽ ጥጥ ጨርቅ ይዛችሁ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጉት። ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ አንድ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ያ ሽቦ ይጣል። ‹ሌሎቹ ክሮች ይይዛሉ› አትበሉ። ምሶሶ የሚወድቀው በአንድ ሽቦ ነው።

አሁን ጆንያው ይፈታ። ውስጡ ያሉት ተንቀሳቃሾቹ ገመዶች ናቸው። ሁሉንም ፈታታችሁ መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘርጓቸው። ከምሶሶው ቁመት እጥፍ ያህል የሚረዝሙ፣ ቀጠን ያሉ ሁለት ገመዶች ካገኛችሁ ሸራ መስቀያዎቹ ናቸው። ሀልያርድ ይባላሉ። አንዱ ዋናውን ሸራ፣ ሌላው የፊቱን ትንሽ ሸራ ወደ ላይ ያወጣል። ልክ ባንዲራ እንደሚሰቀለው ነው። የፊቱ ሸራ ስሙ ጂብ ነው። ከጅብ ጋር ስለሚመሳሰል ልጆች አይረሱትም። ወፈር ብሎ ለእጅ የሚለሰልሰው ረጅም ገመድ ዋናው ሺት ነው። ቡሙን የሚስበውና የሚለቀው እሱ ነው። ለጂቡ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሺት አለው። አንዳንዴ ከመሀል የታጠፈ አንድ ገመድ ይሆናል። ሺት ሲባል ሸራው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ባሕር ላይ ሺት ገመድ ነው። የተረፉት አጫጭሮቹ ቡሙን ወደ ታች የሚይዙና የሸራውን ጠርዝ የሚወጥሩ ናቸው። እነሱ የመጀመሪያው ቀን አያስጨንቋችሁ።

ዋናው ሸራ ሦስት ማዕዘን አለው። በጣም የሾለው ማዕዘን ወደ ላይ ይሄዳል። መስቀያው እሱ ላይ ይታሰራል። ከታች ካሉት ሁለቱ፣ አንዱ ምሶሶው ሥር፣ ሌላው የቡሙ የኋላ ጫፍ ላይ ይታሰራል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብትለኝ ይህን እልሃለሁ። ዋናውን ሺት በፍጹም አትቋጥረው።

1974 ዓ.ም. ነው። 19 ዓመቴ ነበር። ምጽዋ ወደብ ውስጥ በትንሽ ሸራ ጀልባ ለአራት ሆነን እንለማመዳለን። ሺቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ እጄ ዛለ። ማንም ሳያየኝ ገመዱን መቀመጫው ላይ ሁለቴ አሰርኩትና እጄን አሳረፍኩ። ከዚያ ነፋሱ በድንገት በረታ። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ተኛች። ሺቱን ብለቀው ኖሮ ሸራው ነፋሱን ያፈስስና ቀጥ ትል ነበር። ግን ታስሯል። ቋጠሮው ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሬ እስኪነቀል ታገልኩት። ውሃው በጠርዟ መግባት ጀመረ። አሠልጣኛችን ተንፏቆ ደረሰና ገመዱን በቢላ ቆረጠው። አልጮኸብኝም፣ አልመታኝም። ቋጠሮው ያለበትን ቁራጭ ከመቀመጫው ላይ አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠው። ያ ቁራጭ ገመድ ዛሬም የስፌት መኪናዬ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ቋጠሮውን ፈትቼው አላውቅም።

ስለዚህ ሺት በእጅ ይያዛል። ካልሆነም ጥርስ ባለው መያዣ ይያዛል፤ እሱ በአንድ ጎትቶ መንቀል ይለቃል። በገመዱ መጨረሻ ጫፍ ላይ ግን የስምንት ቁጥር ቋጠሮ አድርጉበት። ከእጅህ ቢያመልጥ እንኳ ከመዘውሩ ውስጥ ተንሸራትቶ አይወጣም።

ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ግጠሟት። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ይሁን። አፍንጫዋን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ሺቱን ልቅ አድርጉ፣ ከዚያ ሸራውን ስቀሉ። ሰቅላችሁ አውርዱ። ደግማችሁ ስቀሉ። አደራ ግን፣ ምሶሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። አሉሚኒየም ነው። በግቢያችሁ ላይ ወይም በአጠገቡ የመብራት መስመር ካለ እዚያ አታቁሙት። ሜዳ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ አባ ሳሙኤል ግድብ ለኛ ቅርብ ነው። በሸራ ጀልባ መሄድ ይቻላል? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ‹ከፍታ ላይ ነፋስ ጉልበት የለውም› ይላል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣስ እንዴት ይኬዳል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ አባ ሳሙኤልን አልመክርህም። የከተማው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ ተጉዞ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። እንቦጭም አለበት። እንቦጭ መሪና ሳንቃ ላይ ከተጠመጠመ ጀልባ አይነቃነቅም። ለገዳዲ ደግሞ የምንጠጣው ውሃ ነው፣ አይነካም። ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ሂድ። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ ነፋሱ ከገደሉ ላይ እየዘለለ ይወርዳል። አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብስ አትግባ፣ ዋና ብትችልም።

ጓደኛህ አጋነነው እንጂ እውነት አለው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ያለው አየር ከምጽዋው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ፍጥነቱ እኩል የሆነ ነፋስ እንኳ ሸራውን የሚገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለጀማሪ ይህ ክፉ አይደለም።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ቀጥ ብሎ መሄድ አይቻልም። ሸራው ይርገበገባል እንጂ አይሞላም። እንጨት የተጫነ አህያ ዳገት ሲወጣ አይተሃል? ቀጥ ብሎ አይወጣም። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሸራ ጀልባም ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ገለል ብላ በአንድ ጎን ትሄዳለች። ከዚያ ዞራ በሌላው ጎን ትሄዳለች። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቡሙ ስለሚያልፍ ዝቅ በል።

ጥያቄ፦ እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከቃሊቲ ሸራ አልብሼ፣ በናይለን ገመድ ቀጥ አድርጌ አስሬ እወጣለሁ። አዋሽ ሳልደርስ ገመዱ ላልቶ ሸራው ይጮሃል። መርከበኞች እንዴት ነው የሚያስሩት? (ከቃሊቲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ ያሉትን ሸራ በየቀኑ ነው የምጠግነው። አብዛኛው የሚቀደደው በመርገብገብ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ናይለኑ ነው። ናይለን ይለጠጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። መርከበኛ ናይለንን የሚወድደው ለመልሕቅ ነው፤ ማዕበል ሲጎትተው ሳብ ይልለታል። ሸራ ለመስቀል ግን ፖሊስተር ነው የሚመርጠው፣ እምብዛም አይለጠጥምና። እርስዎም ፖሊስተር ይፈልጉ። ቢጫና ሰማያዊው ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ይበላዋል። በአፋር ፀሐይ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሰባበረው።

ሁለተኛው አስተሳሰሩ ነው። ገመዱን ከላይ ያውርዱት። ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ገመዱ መሀል ላይ ዓይን፣ ማለትም ቀለበት ይሥሩ። ዓይኑን ሲሠሩ ገመዱን አጥፈው ያስገቡ፣ ኋላ በመሳብ ብቻ እንዲፈታ። ከዚያ ጫፉን በመንጠቆው ሥር አሳልፈው ወደ ላይ ይመልሱ። በዓይኑ ውስጥ ያስገቡትና ወደ ታች ይሳቡ። ሲሰላ ጉልበትዎን 3 እጥፍ ያደርገዋል። ገመድ በገመድ ላይ ሲፋተግ ግን ከዚያ ብዙ ይጎድላል። ቢሆንም በባዶ እጅ ከመጎተት በጣም ይሻላል። ጀልባ ላይ ዋናው ሺት በመዘውሮች መካከል እየተመላለሰ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ከወጡ በኋላ ሞጆ ላይ አንዴ ቆመው ያጥብቁት። አዲስ የታሰረ ነገር ሁሉ በመጀመሪያው መንገድ ላይ ይረጋል። ብረት የመሰለ ከባድ ጭነትን ግን በገመድ እንዳያምኑ። እሱ ሰንሰለትና ማጥበቂያ ያለው ቀበቶ ነው የሚፈልገው። ገመዱ ለሸራው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ የመርከብ ፍጥነት በኖት የሚለካው ለምንድን ነው? መምህራችን ‹ቋጠሮ ማለት ነው› ብሎ አለፈው። (ተማሪ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ መምህርህ ትክክል ነው፣ እውነተኛ ቋጠሮ ነበር። ድሮ መርከበኞች በገመድ ጫፍ ሳንቃ አስረው ከኋላ ውሃ ላይ ይጥሉ ነበር። ሳንቃው ውሃው ላይ ይቀራል፣ መርከቡ ይሄዳል፣ ገመዱ ይተረተራል። ገመዱ ላይ በየ14 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቋጠሮ አለ። 28 ሰከንድ የሚፈስስ የአሸዋ ሰዓት ያዞራሉ። አሸዋው እስኪያልቅ ስንት ቋጠሮ በእጃቸው አለፈ? 5 ካለፈ መርከቡ 5 ኖት ይሄዳል ማለት ነው። ዛሬ አንድ ኖት በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ከ852 ሜትር ነው። አስላው፣ ከቋጠሮው ርቀት ጋር ይገጥማል።

ጥያቄ፦ ልጄ የመርከበኝነት ሥልጠና ልትወስድ ባሕር ዳር ለመሄድ እየተዘጋጀች ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ባሕር ያየ ሰው የለም። አስቀድማ ቋጠሮ ብትለማመድ ይጠቅማታል? ምን ዓይነት ገመድ ልግዛላት? (እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ይጠቅማታል። ሞተር ክፍል ብትመደብም ይጠቅማታል። መርከብ ላይ የማይታሰር ነገር ወድቆ ሰው ይጎዳል።

ከመርካቶ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የተጎነጎነ የፖሊስተር ገመድ 3 ሜትር ይግዙላት። የቃጫ ገመድ ለመጀመሪያ አይሆንም፣ እጅ ይፍቃል። ሲረጥብም ስለሚያብጥ ቋጠሮው አልፈታ ይላል። ጫፉን በሻማ ለብለብ አድርገው ያቅልጡት፣ እንዳይተረተር። ትኩሱን በጣት እንዳትነካው ይንገሯት።

የቋጠሮ መጽሐፍ ብታገኝ መቶ ዓይነት ታያለች። አያስፈልጋትም። አምስት በቂ ናቸው። ከአምስቱ ደግሞ አንዱ ይበልጣል፤ ቦውላይን ይባላል። የማይጠብቅና የማይሰፋ ዓይን የሚሠራ ቋጠሮ ነው። ጥጃ አንገቷ ላይ በሸምቀቆ ብትታሰር በሳበች ቁጥር ይታነቃታል። በቦውላይን ብትታሰር ግን የቱንም ያህል ብትስብ ዓይኑ ባለበት ይቆያል። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ወገቡ ላይ የሚታሰርለትም ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የምወድለት ነገር አለ። ከባድ ጭነት ከጎተተ በኋላ እንኳ ሲላላ በጣት ይፈታል። ሲጎተት ግን አይፈታም፤ ይህንንም ትወቅ።

አሠራሩ ይህ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ የአልጋ እግር ላይ ትሰር። ሌላውን ጫፍ ወገቧ ዙሪያ ታዙረው። አሁን ከአልጋው የመጣው ገመድ ላይ፣ የጫፉ ወገን ከላይ ሆኖ፣ ትንሽ ክብ ትሥራ። ጫፉን በክቡ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ታውጣው። ጫፉን ከአልጋው በመጣው ገመድ በስተኋላ ታዙረው። ከዚያ በዚያው ክብ ውስጥ ከላይ ወደ ታች ትመልሰው። ጫፉንና ገመዱን ይዛ ታጥብቅ። ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ተርፎ ይቅር። ክቡ በተገላቢጦሽ ከተሠራ ቋጠሮው ተፈትቶ ይመጣል። መጀመሪያ ሦስት አራቴ ይፈታባታል። ይፈታባት።

የስምንት ቁጥሩን ከላይ ለገላኑ ልጅ ነግሬዋለሁ። ሦስተኛው ውሃ ዳር በተተከለ እንጨት ላይ ጀልባ ለማሰር ነው፤ ገመዱን ሁለቴ ጠምጥሞ፣ በራሱ ላይ ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ማድረግ። ልብስ ማስጫ ገመድ የምታስሩት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛው ሪፍ ኖት ነው። ነፋስ ሲበረታ ሸራ ተጠቅልሎ የሚታሰርበት። ቀኙን በግራው ላይ፣ ከዚያ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ወገን ካደረገችው የተሳሳተ ቋጠሮ ይሆናል፣ ወይ ይንሸራተታል ወይ ይቆለፋል። ጫማዋን አስራ ትመልከት። የክሩ ክንፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎን ከተኙ ልክ ነው። ወደ ጣቶቿና ወደ ቁርጭምጭሚቷ ከዞሩ ተሳስታለች። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ጫማውን በስህተት ያስራል። በዚህ ቋጠሮ ግን ሁለት ገመድ ቀጥላ ከባድ ነገር እንዳትጎትት፣ አደገኛ ነው። ገመድ ለመቀጠል አምስተኛው አለ፣ ሺት ቤንድ የሚባለው። ወፍራምና ቀጭን ገመድ የሚያገናኘው እሱ ነው። አሠራሩ የቦውላይን ወንድም ስለሆነ ያንን ከያዘች በአንድ ቀን ትይዘዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ትወቅ። ቋጠሮ ገመድን ያደክማል። የታሰረ ገመድ ሙሉ አቅሙን አይሸከምም፣ የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ጥግ ላይ ነው።

በቀን አንድ ሰዓት መቀመጥ የለባትም። ቡና እስኪፈላ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እያየች መሥራት ስትለምድ ዓይኗን ጨፍና ትሞክር። ከዚያ በግራ እጇ። ከዚያ እጇን ውሃ ነክራ። መርከብ ላይ ቋጠሮ የሚያስፈልገው ሌሊት፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ወለሉ ሲያዘነብል ነው። እናንተ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመፈለግዎ በፊት ገመዱን ይስጧት። በጨለማ 10 ጊዜ አስራ 10 ጊዜ ከፈታች፣ በውፍረት የሚለይ ሁለተኛ ገመድ ይግዙላትና ወደ ሺት ቤንድ ትለፍ።